የሐኪሙ በቅሎ ከሮቢት እስከ ዋጃ

ከቆቦ ስመለስ የማኅበራችን ሴቶች ከበው «አገሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። አብዛኞቹ ከደብረ ብርሃን ርቀው አያውቁም፤ ወደፊትም የሚሄዱ አይመስለኝም። በአፌ ልነግራቸው ጀምሬ ገና ደሴ ሳልደርስ እንባ ቀደመኝ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። በጽሑፍ ሲሆን እንባ ቢመጣ ብዕሩን አስቀምጦ መጠበቅ ይቻላል። እኔም እየጠበቅሁ ነው የጻፍኩት።

ባለቤቴ ደምሴ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ብዙውን ዘመኑን የሠራው በራያ ቆላ፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ነው። በየወሩ እሱ ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ እሱ ሄጄ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ የእኔ ማስተማር፣ ሌላ ጊዜ የልጆቹ ነገር፣ ሌላ ጊዜ ሙቀቱን መፍራት፤ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ባለፈው ዓመት ታሞ መጣና ሳይመለስ ቀረ።

እዚያ የቀረው ንብረቱ አንድ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። በጨረታ የገዛው ነው፤ የአገሩ ሰው «የሐኪሙ በቅሎ» ይላታል። እኔ ዘይነባ ለምትባል ልጅ ልሰጣት አስቤ ነበር። ዘይነባ ደምሴ ሥራ ያስለመዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ መቀመጫዋ ዋጃ ሆኖ ከብቶቹ ያሉበት ድረስ በእግሯ ነው የምትሄደው። ነገር ግን በቅሎዋን ያስቀመጡልን የሮቢቱ አባ ሁሴን በስልክ «ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ ነገሯ አልገባኝም» አሉኝ። ቆቦ ያለ አሮጌ ብረት ገዢ ደግሞ ቆራርጦ በኪሎ ሊወስዳት ይጠይቃል። ዘይነባም ሳትደብቅ ነገረችኝ፦

«እትዬ ብዙነሽ፣ ስጦታዎን እወዳለሁ። ግን መንገድ ላይ የሚቆም ሞተር ይዤ ከዞብል ተራራ ማዶ ወደ በረሃው አልወርድም። እዚያ ውኃም የለ፣ ጠያቂም የለ። ከሮቢት እስከ ዋጃ አብረን እንንዳት። የምትቆምበት ምክንያት ከተገኘ እወስዳታለሁ። ካልተገኘ ለብረት ገዢው ይስጧት።»

የሄድኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። በጥቁር ቀሚሴ ሥር የሱፍ ሹራብ ለብሻለሁ። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቡ እያሳከከኝ መጣ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «ሮቢት» አልኳቸው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። በትከሻዬ ሲቀሰቅሱኝ አውቶቡሱ ቆሟል፣ ረዳቱም ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀምጦታል። «ውረጂ እንጂ፣ ደረስሽ እኮ!» አሉኝ ሽማግሌው። ወረድኩ። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄጄ የአባ ሁሴንን ቤት ጠየቅኋት።

«የትኛው ሁሴን?» አለችኝ።

«ንብ የሚያነቡት። ከቆቦ ወዲህ።»

«ቆቦ? የኔ እናት፣ ይሄ ሸዋ ሮቢት ነው። የሚሄዱበት የራያው ሮቢት ነገ ነው።»

ረዳቱ ሻንጣዬን እየመለሰ «ታዲያ የየትኛው እንደሆነ አይናገሩም?» ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ በሰው ፊት ስስቅ መጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው አፍረው ማንጎ ገዙልኝ፤ ደሴ እስክንገባ ድረስ በየከተማው ስም «ይሄ ከሚሴ ነው፣ እንዳትወርጂ» እያሉ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። ደሴ አደርኩ። ብርዱ የኛን ስለሚመስል ደህና ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ወልድያ ላይ ወደ ሚኒባስ ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ደምሴ ሁልጊዜ በእጁ ጠረጴዛችንን እየጠረገ ነበር የሚያሳየኝ፤ «እንዲህ ሜዳ ነው» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። በምዕራብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከእግሩ ጀምሮ ዓይን እስኪደክም ማሽላ ነው። ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያስጮኻሉ። እኛ ዘንድ ገብስ ከጉልበት አያልፍም፤ እዚህ ማሽላው ሰው ይሰውራል።

አባ ሁሴን መንገድ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላህ ያጥናሽ። ስንጠብቅሽ ኖርን» አሉ።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እቴ ከድጃ ከእኔ በላይ ደክማ አገኘኋት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ጎረቤታቸውን አለቃ ተሰማን ጠርታ ዶሮ አሳርዳለች፤ ወጡን የሠራችውም የአለቃ ተሰማ ሚስት ናት፣ በራሷ ድስት። ሁሉ ተሟልቶ ቀረበ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ከድጃ ፊቴን አይታ ገባት። ወደ አለቃ ተሰማ ዞረች። «አንተስ? ቄስ ነኝ ትላለህ፣ ረቡዕ መሆኑን አታውቅም?»

«እረድ አልሽኝ፣ አረድኩ» አሉ አለቃ። «ትብላ አልሽኝ እንዴ?»

«ነገ ጠዋት ትፈቺያለሽ አይደል?» አለችኝ ከድጃ። ድስቱ ተከድኖ አደረ፤ እኔ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁ። የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ይከብዳል፣ ትንሽ ይጣፍጣል። ደምሴ ቤት ሲመጣ የጤፉን እንጀራ «ሆድ አይዝም» የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከድጃ ጥቁር ልብሴን በጣቷ ዳሰሰች። «ይሄ በኛ አገር ፀሐይ ይጠራል። አውልቂው አልልሽም፤ ሐዘንሽ ነው። ይሄን ደርቢበት» ብላ ስስ ነጭ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣለች። እስክመለስ አላወረድኩትም።

በቅሎዋ ዳስ ሥር፣ አንሶላ ለብሳ ቆማ ነበር። አባ ሁሴን አንሶላውን ሲገልጡ አቧራ አልነበረባትም። ይህች ሞተር ቤንዚንና ዘይት አንድ ላይ ተደባልቆ የምትጠጣ ዓይነት ናት፤ ዘይት ለብቻው የሚገባበት የላትም፤ ስለዚህ የሚነዳት ሰው ልኩን አውቆ በእጁ መደባለቅ አለበት።

«ጋኗ ውስጥ ያለው ሐኪሙ ራሱ የደባለቀው ነው» አሉኝ አባ ሁሴን። «ይህ ሙቀት ቤንዚን ይጠጣል፤ ግን ጠብቄዋለሁ። በየጁምዓው አስነስቼ በሜዳው ወዲያ ወዲህ አደርጋታለሁ። ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ ድምፅዋ ይሰልላል፣ ጸጥ ትላለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ይስቅብኛል። እኔ ግን አዝና ነው እላለሁ። አባቴ የሞቱ ጊዜ በቅሏቸው መስጊዱ በር ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም ብላለች። ጌታዋን የለመደ ነገር እንዲህ ነው።»

አልሳቅሁባቸውም። እንዲያውም ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ዶሮው ተበላ። አለቃ ተሰማም «የእርዴን ልቅመስ» ብለው መጡ። ዘይነባ ከዋጃ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች፤ ሳቂታ፣ ፈጣን ልጅ ናት፣ ትከሻዋ ላይ የደምሴን አሮጌ የመድኃኒት ቦርሳ አንግታለች። ቦርሳውን ሳየው ለአፍታ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

የማስነሻ ገመዱን ስትስበው በቅሎዋ ወዲያው ተነሳች። አባ ሁሴን ዱዓ አደረጉ፣ ዘይነባ ነዳች፣ እኔ ከኋላዋ ወገቧን ይዤ ተቀመጥኩ። ከአስፋልቱ ጎን ባለው የአፈር መንገድ ነበር የምንሄደው። ከአህያና ከአውቶቡስ በቀር ምንም ያልጫነኝ ሴት ነኝ፤ ግን ነፋሱ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳንርቅ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች። አንዲት ትልቅ ግራር ሥር ነበርን። ዘይነባ «ቤንዚን አልቆ ይሆን?» ብላ የጋኗን ክዳን ከፍታ አየች፤ አላለቀም። ከማማው ላይ አንድ ገበሬ ወርዶ መጣ።

«ይች ግራር ሐኪሙ ምሳውን የሚበላባት ናት» አለን። «አውቃ ነው የቆመችው።»

«አንተም እንደ አባ ሁሴን ጀመርክ?» አለችው ዘይነባ።

«እሺ፣ አላወቀችም። ከሞቃት ግን አቀዝቅዟት።» ጨርቅ በውኃ ነክሮ ሞተሩ ላይ ጣለ። ጥቂት ቆይተን ገመዱን ስትስበው ተነሳች። ገበሬው «አላልኩም?» እያለ ቀረ።

እኔ ግን ግራሯን ዞሬ እያየሁ ነው የሄድኩት። ደምሴ ሥሯ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ አሁንም አለ።

ቆቦ መግቢያ ላይ ደግማ ቆመች። ዘይነባ አሁንም ክዳኑን ከፍታ ቤንዚኑን አየች፤ አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ወርዶ «ካንዴላዋ ነው» አለ። ካንዴላው እሳት የሚጭርላት ትንሿ ዕቃ ናት። ፈቶ በሸሚዙ ጠርጎ መለሳት። ተነሳች። እሱም «አላልኩም?» አለ።

ቆቦ የገበያ ከተማ ናት። ባጃጁ፣ ግመሉ፣ ተማሪው አንድ መንገድ ይጋፋሉ። ኪሮስ የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ኪሮስ የትግርኛ ለዛ ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጭሱን አሸተተ፣ የጭስ መውጫዋን ማርሚታ በጥፍሩ ጫረ፣ ካንዴላውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ።

«ዘይቱ ልክ ነው» አለ። «ብዙ ሰው ዘይት አይጎዳም ብሎ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። የእናንተ ግን ነጣ ብሏል። ነጭ ማለት ተጠምታለች ማለት ነው። ቤንዚኑ አይደርሳትም።»

ጋኑን ፈታ፣ ቤንዚኑን ወደ ጄሪካን ገልብጦ ጋኑን አጠበ፣ ቧንቧውን በአፉ ነፋ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አጸዳ። ያንኑ ቤንዚን መልሶ ጋኑን ሳይከድን አስነስቶ አቆያት፤ አልቆመችም። «ቆሻሻ ነበር፤ አለቀ» አለ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ እናቴ። ይች ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ባነሳት ቁጥር ዘይትም ያንሳታል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል። እንዲህ እየቆመች ከሄደች አንድ ቀን ፒስተኗ ይነክሳል፤ ሞተሯ ዳግም አይነሳም። ያኔ ብረት ገዢው ልክ ነው።»

ለጥንቃቄ ብለን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ገዛን፤ ኪሮስ ዘይት ለክቶ ደባልቆ እስከ አፏ ሞላት። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አልጋችንን አንስታ ግቢው ውስጥ አወጣችልን። «ክፍሉ ውስጥማ ትቀቀላላችሁ» አለችን። ሁለት ብርድ ልብስ የምደርብ ሴት፣ ከሰማይ በታች በአንድ ነጠላ አደርኩ።

አራተኛው ቀን

ከቆቦ ወጥተን ወደ ዋጃ ስንነዳ ሁለታችንም አናወራም ነበር፤ ድምፅዋን እናዳምጣለን። ከትናንቱ ባጠረ መንገድ ቆመች። ዘይነባ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች።

«ሞልተናት እንዲያውም ባሰባት» አለች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ይቺን አልችልም።»

ማሽላው መሐል ቆመን ሁለታችንም ወደ ተለያየ ጎን አየን። ከዚያ ዘይነባ ከልማድ እጇን ወደ ክዳኑ ላከችና ትንሽ አላልታ መልሳ አጠበቀችው። «ፍስስ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

እኔ ሞተር አላውቅም። ዘይት ግን ገዝቼ አውቃለሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ የዘይት ቆርቆሮ ሲከፍት አንድ ቀዳዳ ብቻ አይበሳም፤ አንዷን ለዘይቱ፣ ሌላዋን በማዶ ለአየሩ ይበሳል። የአየሯን በጣቱ ሲይዛት ዘይቱ ይቆማል፤ ሲለቃት ይወርዳል።

«ዘይነባ» አልኳት፣ «ግራሯ ጋ ስንቆም ክዳኑን ከፍተሻል። ቆቦ መግቢያም ከፍተሻል። ኪሮስም ያስነሳት ጋኑን ሳይከድን ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው እጇን ከክዳኑ አነሳች።

«እንዳይነኩት» አለች። «ሌላውን ሁሉ እናድርግ።»

ካንዴላውን ፈታ ጠረገች፣ ጨርቅ ነክረን ሞተሩ ላይ ጣልን። ክዳኑን ግን አልነካነውም። ገመዱን ሳበች፤ አንድ ጊዜ ተንተባተበችና ዝም አለች። ደግማ ሳበች፤ ዝም። አሁን ክዳኑን ነቅላ እጇ ላይ ይዛ ሳበችው፤ በቅሎዋ ተነሳች። ዘይነባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

ክዳኑን አገላበጥነው። አናቱ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር አየር የሚገባው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ ግን በሰም ተደፍናለች፤ ሞልተናት የባሰባትም ጋኗ ውስጥ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ነው። ሰሙ በአውራ ጣት ተጠቅጥቆ፣ ተለስልሶ፣ ዙሪያው ተስተካክሏል። የጣቱ መስመር ሳይቀር ይታያል። የአባ ሁሴን ንቦች ሰም ነው። «ጠብቄዋለሁ» ያሉኝ ይህን ኖሯል።

ዘይነባ ከደምሴ ቦርሳ የክትባት መርፌ አውጥታ ሰሙን ቀስ ብላ ጠረገችው። ፍርፋሪውን ልትጥለው ስትል እጇን ያዝኩ። ወስጄ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ለኪሮስ ደወልንለት። «እኔ ቤት ክዳኑ ተከፍቶ ነዋ የሠራችው» አለ። «ወይ ጉድ። ሽማግሌው ሊያድኗት ብለው አፍንጫዋን ያዙባት።»

ዋጃ እስክንገባ አልቆመችም። ዘይነባ እየዘፈነች ነዳች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ጎደለ። ከሮቢት ጀምሮ አብራኝ የምታዝን ነገር ያለች መስሎኝ ነበር። ለካ አላዘነችም፤ አየር አጥሯት ነው። ማታ ዘይነባ ሻይ በማር ስታቀርብልኝ ይህን ነገርኳት።

«እሷ ባታዝን እኛ አለን አይደል?» አለችኝ። «ይልቅ ለአባ ሁሴን እንንገራቸው ወይስ እንተወው?»

«እሳቸው ጠብቀዋታል» አልኩ። «እንዴት ብዬ ነው አበላሽተዋታል የምላቸው?»

«ካልነገርናቸው ግን አዝና ነው እንዳሉ ይሞታሉ።»

ይህን ከማመዛዘኔ በፊት ሻዩ በረደ።

አምስተኛው ቀን

ዘይነባ በበቅሎዋ እስከ ሮቢት ልትመልሰኝ ፈለገች፤ «መልሳ መላልሳ ካልሄደች አላምናትም» አለች። ቆቦን አለፍን። ኪሮስ ከደጁ እጁን አነሳልን። ግራሯ ስትታየኝ የዘይነባን ወገብ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እዚያች ድንጋይ ጋ እንድትቆም ፈለግሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አልቆመችም። ገበሬው ከማማው «አላልኩም?» ብሎ ጮኸ፤ ምን እንዳለ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባ ሁሴን ድምፅዋን ከሩቅ ሰምተው ወጥተዋል። ስንቆም እጃቸውን ጋኗ ላይ አሳረፉ።

«ተጽናናች?»

ዘይነባ አየችኝ። እኔም ነጠላዬን ፈትቼ ፍርፋሪውን ሰም መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ቀዳዳዋ ለምን እንደተሠራች፣ የዘይት ቆርቆሮውንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ሰሙን በጣታቸው ሲያለሰልሱት ቆዩ።

«ሲሄድ ታሞ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ‹አባ ሁሴን፣ ስመለስ እንዳላጣት› አለኝ። ማታውኑ ቀዳዳዋን ደፈንኩ። ሲመለስ ቤንዚኑን እንዳለ እንዲያገኘው ብዬ ነው። መርዶው ሲመጣ … አንሶላውን ብቻ ቀየርኩላት። ሰሙን ማንሳት አልሆነልኝም።»

ከድጃ ፊቷን ወደ ዳሱ አዞረች። እኔ የእሳቸውን ክንድ ያዝኩ። እኔም ቤቴ ውስጥ ያላነሳሁት ነገር አለኝ፤ የደምሴ ሹራብ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

አባ ሁሴን ሰሙን መለሱልኝ። «ያዢው። የእሱን ቤንዚን ይሸታል።» ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞሩ። «አንቺ ሂጂ። ከብቱ ይጠብቅሻል። አሁንማ ቀዳዳዋን እንዳትደፍኚ።»

«እርስዎን ካላስጠጋሁ አትደፈንም» አለች። እጃቸውን ስማ፣ እኔን አቅፋ፣ ገመዱን ሳበች።

በማሽላው መሐል ወዲያው ተሰወረች፤ ድምፅዋ ግን ቀረ። ሦስታችን ዳሱ አጠገብ ቆመን አዳመጥን። ድምፁ ቀጠነ። አባ ሁሴን አንገታቸውን ወደዚያ አስግገው ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኔም ያዝኩ። እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ከወፍ ጠባቂዎቹ ወንጭፍ ጋር እየተቀላቀለ ሄደ። እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጥነው። አልቆመም፤ ራቀ እንጂ።